ተራ ጠባቂው ቤተሰብ

የጥናቱ ጠያቂ ሥራዋ መጠየቅ ነበር፤ መመለስ አልተፈቀደላትም። የሥራ ውሉን ስትፈርም ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነግረዋታል። «ያለቅሱብሻል፤ አብረሽ አታልቅሺ። ምክር ይለምኑሻል፤ አትምከሪ። አንቺ የራስሽን ቃል ጣል ካደረግሽበት የሦስት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።» እሺ አለች። ተመርቃ አንድ ዓመት ሙሉ የእናቷን ሶፋ ስታሞቅ ለከረመች ልጅ እሺ ማለት ምን ይከብዳል? አፍ መዝጋትስ ሥራ ነው እንዴ ብላ በልቧ ስቃም ነበር። የሳቋን ዋጋ በኋላ አገኘች።

ጥናቱ ስለ ቤተሰብ ነው። አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ እንዴት እንደሚጣሉ፣ ከተጣሉ በኋላ ማን ቀድሞ ፊቱን እንደሚመልስ ይለካል። እንዲህ ያለው ነገር ይለካል ወይ የሚል አይጠፋም። ፕሮፌሰሩ ይለካል ይላሉ፤ ሃያ አራት ዓረፍተ ነገሮች ያሉበት ቅጽ አላቸው። «በቤታችን የሚሰማንን እንነጋገራለን።» «ስንጣላ እንታረቃለን።» «እያንዳንዳችን በዚህ ቤት ቦታ አለን።» ከእያንዳንዱ ጎን ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ተደርድሯል፤ አንድ ማለት ፈጽሞ እኛ ቤት የለም፣ አራት ማለት ልክ እንደኛ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው የቤቱ ሰው ሁሉ ለየብቻው ያከብባል፤ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ አባት እናት ልጅ የነበረው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሆናል። ከሦስት በታች ያመጣ ቤት ችግር አለበት ይባላል።

ችግር ያለበት ስልሳ ቤት ተመዝግቦ ዕጣ ወጣ። ሠላሳው ወዲያው ከቤተሰብ አማካሪዋ ጋር አሥር ሳምንት እንዲቀመጥ፣ ሠላሳው ደግሞ ስድስት ወር ተራ እንዲጠብቅ። ጭካኔ አይደለም። የተረዳው ካልተረዳው ጋር ካልተወዳደረ፣ እርዳታው ሥራ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። የሚከብደው የሚጠብቁትን ሰዎች ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው።

ለአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ቤት የወጣው ዕጣ መጠበቅ ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል የእናትየዋ የሥራ ቦታም ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተጠግቷል፤ ያላለቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ የሚቀመጥ ሰው መርፌ እንዳይወጋው አስቀድሞ ወንበሩን መዳበስ አለበት። ጠያቂዋ መጀመሪያ የሄደች ቀን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችላት፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። አባትየው የዚያን ቀን የታመመ ባልደረባውን መስመር ተክቶ ይነዳ ነበርና በመስታወቱ አያት። ፌርማታ እንኳ አልጠበቀም። መሐል መንገድ ላይ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ኋላ ድረስ ሄዶ በክንዷ ይዞ አወረዳት። «ይቺን ላስተምር ብዬ ነው ጎህ ሳይቀድ መሪ የምይዘው! እዩልኝማ!» አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱማ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትልቋ ለአባቷ አንድ ቃል ተንፍሳለት አታውቅም። እሱም የመጀመሪያው ቃል ከእሷ ይምጣ ብሎ ቁጭ አለ።

«ስምንት ወር ሆናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ጣሪያ ሥር! ‹ለልጅሽ ንገሪያት፣ መብራቱን ታጥፋ› ይላል፤ አጠገቡ ተቀምጣ። ‹ለባልሽ ንገሪው፣ እያጠናሁ ነው› ትላለች። እናትነቴ ቀርቶ የስልክ ሽቦ ሆኛለሁ፣ እህቴ።»

«እኔንም ይልኩኛል» አለች ትንሿ ልጅ ከጨርቁ ክምር ላይ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ጮሌ ነው የሚላት። «ግን እኔ አሳምሬ ነው የምነግራቸው። ‹አጥፊ› ሲል ‹እባክሽ አጥፊ› እላታለሁ።»

ጠያቂዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቅጾቹን አደለች። ጮሌ አሥራ ሁለት ስላልሞላት አልደረሳትም፤ አኮረፈች። በዚያ ቤት እውነት የሚናገር ሰው ቢፈለግ ከእሷ የሚቀድም አልነበረም፤ መመሪያው ግን መመሪያ ነው። ሦስቱ ሞሉ። ትልቋ ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለች አከበበች፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሶ ነበር። ሲደመር ሲካፈል ቤተሰቡ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሆነ።

በሦስተኛው ወር ስትመለስም ያው ነበር። ስትወጣ ግን ትልቋ ልሸኝሽ ብላ ተከተለቻት። እስከ ፌርማታው ድረስ ድንጋይ በጫማዋ ጫፍ እየገፋች ሄደች፤ ፌርማታው ሲደርሱ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አማካሪዋን እኔ ብቻዬን ላገኛት አልችልም? አሥር ሳምንት አላልኩም። አንድ ቀን ብቻ። የምላትን ልበላት፤ ከዚያ የምትለኝን ትበለኝ።»

 አማካሪዋ የምትሠራው ከጠያቂዋ ጠረጴዛ ሁለት በር አልፎ ነው፤ ሻይ አብረው ይጠጣሉ። «ተራችሁ ሳይደርስ አይፈቀድም» አለች።

«እሺ አንቺስ? አንቺ ምን ትይኛለሽ?»

«እኔ… መልስ መስጠት አይፈቀድልኝም።»

ትልቋ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። «አንቺም የኛ ቤት ሰው ነሽ ለካ» ብላት ተመለሰች።

ጠያቂዋ የዚያን ቀን ቢሮዋ ስትገባ ቅጾቹን አወጣች። ቅጹ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የምትል ጠባብ ሳጥን አለች፤ እዚያ ውስጥ ፊደሏን አሳንሳ «ልጅቷ አስቸኳይ እርዳታ ትፈልጋለች» ብላ ጻፈች። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሳጥኗን ማንም አያነባትም፤ እሷም ታውቃለች። ታዲያ ለምን ጻፈች? አልጻፍኩም እንዳትል ነዋ።

ስድስተኛው ወር ሊሞላ ሲል ትልቋ ከቤት ወጣች። ሌላ ከተማ ያለች ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ የሴቶች ፀጉር ቤት ገባች፤ ፀጉር ታጥባለች። ጠያቂዋ ይህንን የሰማችው ለመጨረሻው መጠይቅ በሄደች ቀን ከልብስ ሰፊዋ ነው። የገረማት ግን ሴትየዋ ፊቷ መፍካቱ ነው።

«በየእሑዱ ትደውላለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ ተራችን ሲደርስ ጥሪኝ፤ ለዚያ ቀን እመጣለሁ። ሦስተኛ ሰው ባለበት አናግረዋለሁ። ያለዚያ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እዚያ ቤት አልገባም።› እንግዲህ ከዛሬ በኋላ ስንት ቀን ቀረን? አባቷም እሺ ብሏል። ያ ግትር፣ ያ ድንጋይ፣ እሺ ብሏል! ልጄ የምትመለሰው በእናንተ ወረቀት ነው።»

ጠያቂዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ቅጾቹን አወጣች፤ ሁለት።

«የትልቋስ?»

«ላለፉት ሠላሳ ሌሊቶች በቤቱ ያደረ ሰው ነው የሚሞላው። እሷ ከወጣች ስንት ሌሊት ሆናት?»

«ሠላሳ አምስት። እየቆጠርኩ እኮ ነው የማድረው። እኔ ልሙላላት? የምትለውን አውቀዋለሁ።»

«አይቻልም።»

ልብስ ሰፊዋ ብዙም አልተከራከረች። መነጽሯን አደረገች፣ ብዕሩን ያዘች፣ አራት ማክበብ ጀመረች። «በቤታችን የሚሰማንን እንነጋገራለን» አራት። «ስንጣላ እንታረቃለን» አራት። ጠያቂዋ ዓይኗ አላምን አላት። ሴትየዋ ቀና ብላ ጠቀሰቻት። «ዛሬ አላሳፍርሽም። ሰነፍ ተማሪን ማን ወደሚቀጥለው ክፍል ያሳልፋል? ባለፈው የወደቅንበት ምክንያት ገብቶኛል።» ጥቂት አሰበችና ደግሞ አብዛኛውን ሦስት አደረገችው። «ሁሉንም አራት ካልኩት የኮረጅኩ ይመስላል።»

ጠያቂዋ አየች። እያንዳንዱን አራት አየች። በዚህኛው መጠይቅ ሦስት ያለፈ ቤት ተራው ይቀርበታል፤ ይቺ እናት በጥሩ ውጤት ተራ የሚደርስ መስሏት በገዛ እጇ ከተራው ስሟን እየፋቀች ነው። «ተዪ፣ እሱ አይደለም፣ ሲያንስ ነው የሚያስገቡሽ» ማለት ነው የሚበቃው። አሥር ቃል አይሞላም። ይህንን ማለት ደግሞ ቁጥሩን መቀባት ነው፤ በስልሳ ቤት ውስጥ አንድ የተቀባ ቁጥር ካለ ስልሳውም ይረክሳል። እንድትል የተፈቀደላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷኑ አለች።

«እንደተሰማዎት ይመልሱ።»

«እንደተሰማኝማ ብመልስ ወረቀቱ ይቃጠላል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሾፌሩ በሁለት ፈረቃ መካከል የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የስፌት መኪናው ሁሉ ነቃነቀ። ቅጹን አንስቶ ሳያነብ ከላይ እስከ ታች አራት፣ አራት፣ አራት እያለ ወረደ።

«አባዬ፣ ሁሉም አራት ነው እንዴ?» አለች ጮሌ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ዝም በይ አንቺ።»

«እኔን ማን ይጠይቀኛል ታዲያ?»



ቢሮዋ ገብታ ደመረች፣ አካፈለች፤ ሦስት ነጥብ ስድስት። እንደገና ደመረች። ቁጥር ደግሞ ስለለመኑት አይቀንስም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብዕሯን አንስታ አራቶቹን ሰርዛ አንድ ልታደርጋቸው ምንም አልቀራትም።  የውሸት ቁጥር መጻፍ አልሆነላትም፤ እንጀራዋንም ፈርታለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው እንደበለጠ ራሷም አታውቅም። ወረቀቱን ይዛ ወደ ፕሮፌሰሩ ሄደች።

ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መቆጣት ይቀል ነበር። ሻያቸውን ገፋ አድርገው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጧት።

«ስንት ነበሩ?»

«አንድ ነጥብ ዘጠኝ።»

«አሁንስ?»

«ሦስት ነጥብ ስድስት።»

ፊታቸው በራ። «ይኸውልሽ! ከሚጠብቁት ውስጥ ሦስትን ሲያልፉ እነዚህ ዘጠነኛ ናቸው። ቤተሰብ ጊዜ ከተሰጠው በራሱ ይድናል ማለት ነው። ይህ እኮ ትልቅ ነገር ነው፤ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።»

«አልዳኑም፣ ፕሮፌሰር። አንድ ሰው ነው የቀነሱት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወረዱ። ልጅቷ ስንት ሌሊት እንዳልነበረች ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። እናትየዋ ለምን አራት እንዳከበበች ነገረቻቸው፤ አባትየው ሳያነብ መሙላቱንም። እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ አባት ነው የመለሱላት።

«የምትይው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያንቺ ትርጉም ነው። ነገ ደግሞ ሌላዋ ጠያቂ ሌላ ቤት ታዝንለትና ‹እነሱም እንደሱ ናቸው› ትለኛለች። የማንን ሰምቼ የማንን ልተው? አማካሪዋ የቀራት ቦታ አሥራ ሁለት ነው፤ ከሦስት በታች ያለው ቤት ሃያ አንድ። ሦስት ያለፈ ለተቸገረው ይልቀቅ ያልነው ሁላችንም ነን፤ አንቺም በስብሰባው ላይ ነበርሽ።»

ነበረች። እጇንም አውጥታለች። ያኔ ፍትሐዊ መስሏት ነበር፤ አሁንም ፍትሐዊ ነው፤ የሚያንገበግባት እሱ ነው። አማካሪዋን በኮሪደሩ ላይ አግኝታ በጨዋታ መሐል ጣል ልታደርግላት ሞከረች። «ስም እንዳትጠሪልኝ» አለቻት አማካሪዋ ሁለት እጇን ዘርግታ፤ «ያልተላከልኝን ቤት ካወቅኩ እኔም ከጥናቱ እወጣለሁ።» ሁሉም ሰው ትክክል ነበር። አንድ የሚሰደብ ሰው እንኳ ጠፋ።

ደብዳቤው በፖስታ መላክ ነበረበት። ጠያቂዋ ግን ፊቴን እያዩ ይርገሙኝ ብላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሷ ይዛው ሄደች። ሲያዩዋት ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን አራግፋ አስቀመጠቻት። ሾፌሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ሌላ ሰው መስሏል። ጮሌ ደግሞ ሚስጥር መያዝ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«አባዬ እየተለማመደ ነው! ትናንት መስታወቱ ፊት ቆሞ ‹ልጄ፣ የዚያን ቀን› ሲል ሰማሁት። ከዚያ ያቆማል። ከዚያ እንደገና ‹ልጄ፣ የዚያን ቀን› ይላል።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ዛሬ ዝም በይ አላላትም።

ልብስ ሰፊዋ ደብዳቤውን ተቀብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «‹ቤተሰብዎ ባሳየው መሻሻል እንኳን ደስ አላችሁ።› እንኳን ደስ አላችሁ ይላል! አላልኩህም?» ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፤ ድምፅዋም አብሮ ወረደ። «‹በመሆኑም የምክር አገልግሎቱ ለእናንተ አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ…›» ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ይሄ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

ጠያቂዋ አስረዳቻት። ነጥቡ ከሦስት ካለፈ ተራው እንደሚቀር፣ ለባሰባቸው እንደሚሰጥ።

«ጥሩ ስላመጣን ነው የወደቅነው?»

«አዎ።»

«አንቺ እያየሽኝ ነው የሞላሁት። አጠገቤ ተቀምጠሽ።»

«አዎ» አለች ጠያቂዋ። ዕንባዋ ፕሮፌሰሩን ሳያስፈቅድ መጣ።

ሾፌሩ ብድግ አለ፤ የሚቆጣ መስሏት ነበር። «ወረቀቱን እንደገና ስጪኝ» አለ። «እንደገና ልሙላው። እውነቱ አንድ ነው፤ ሁሉም አንድ ነው። አፍሬ ነው አራት ያልኩት። ልጁ ጥላው የሄደች አባት ምን ብሎ ይጻፍ? አሁን አንድ እላለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

«አንዴ ከገባ አይለወጥም፣ ጋሼ።»

«አላወቅኩም ነበር ልበላቸው። ልምጣና ራሴ ልንገራቸው። ነገ ፈረቃዬን አስቀይራለሁ።»

«ይሰሙዎታል» አለች። «ግን አይለወጥም።»

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጮሌ ዘላ አነሳችውና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«እማዬ» አለች ትልቋ። ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል። «ቀኑን ነገሩሽ? አለቃዬን ፈቃድ ልጠይቃት ነው። ሁለት ቀን ይበቃል?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በሜትሯ ጫፍ ያዘች። ስልኩን በጣቷ ወደ ጠያቂዋ ገፋችው። «አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም።»

ጠያቂዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ማን እንደሆነች ተናገረች፤ ተራ እንደሌለም ተናገረች። የቤተሰቡ ነጥብ ጥሩ ስለሆነ ነው አለች። ቃላቱ ከአፏ ሲወጡ ለራሷም ቀፈፏት።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት ነጥብ ስድስት።»

«እኔ እያለሁስ ስንት ነበር?»

ጠያቂዋ እናትየዋን አየች፤ አባትየውን አየች። ሾፌሩ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ስልኩ ላይ አጎንብሷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከልጁ ድምፅ ጋር እንዲህ ከተቃረበ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

«አንድ ነጥብ ዘጠኝ» አለች።

የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከዚያ እሱም ጠፋ፤ ልጅቷ ወደ ውጭ ሳትወጣ አልቀረችም።

«እኔ ስወጣ ተሻላችሁ ማለት ነዋ» አለች ትልቋ። ቁጣ የለበትም፤ ሒሳቡ የገባት ተማሪ ነው የምትመስለው። «እንኳን ተሻላችሁ። እማዬ፣ ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ስልክ አትጠብቂ፣ እሺ?»

«ልጄ! ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ስሚኝ…» ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ነጥቃ ጮኸችበት። ተዘግቷል። መልሳ ደወለች፤ አይሠራም። እንደገና ደወለች። ጮሌ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ሾፌሩ ጠረጴዛውን እንደተደገፈ ነው፤ አፉ ገና አልተከደነም።

«ልናገር ነበር እኮ» አለ። «አሁን፣ አሁን ልናገር ነበር።»